ኤንትሬዋ የተነሣችበት እሑድ

በ1979 ዓ.ም. በግንቦት ወር፣ በአንድ እሑድ ረፋድ፣ በባሕር ዳር ግሽ አባይ ሰፈር ባለው በነጋዴው በኑርሑሴን ግቢ ውስጥ ሁለት ሰዎች ነበሩ፤ ሚስታቸው ዘይነትና ልጃቸው ጀሊላ። ከቆርቆሮው አጥር ማዶ፣ በገዛ ጓሮዋ፣ ጎረቤታቸው ሸዋዬ ነበረች። ከሸዋዬ ጎን ደግሞ አንድ ወጣት ቆሞ ነበር። ወጣቱ እዚያ መቆሙን ኑርሑሴን አያውቁም። ቢያውቁም ሊያባርሩት አይችሉም ነበር፤ የቆመው በሰው ጓሮ ነውና።

በግቢው መካከል ኤንትሬዋ አለች። ኤንትሬዋ የኑርሑሴን የጭነት መኪና ናት፤ በርበሬ ከመሸንቲ፣ ጨው ከወረታ እያመላለሰች ይህን ቤት ስንት ዘመን የመገበች አሮጊት። ቅዳሜ ከገበያ ስትመለስ እየሳለችና እየተንፈራገጠች መጣች። ሹፌሯ አስማማው እንደ ልማዱ የኋሊት ሊያስገባት ሲል፣ ልክ ከበሩ ላይ ትንፋሿ ቁርጥ አለ። ግቢው ወደ ውስጥ ያዘቀዝቃልና በገዛ ክብደቷ ወርዳ አፍንጫዋን ወደ በሩ እንዳቀናች ቆመች። አስማማው ራሱ በወባ ይንቀጠቀጥ ነበር። ደግፈው ሲያወርዱት «የናፍጣው ማጣሪያ፣ ፊልትሮው ነው የታፈነ» አለ። «በበርሜል የሰጡን ናፍጣ ውኃና ዝገት አለበት። አዲሱ ፊልትሮ ከወንበሩ ሥር አለ።» ይህን ተናግሮ ዐይኑን ጨፈነ፤ ተሸክመው ወደ ቤቱ ወሰዱት።

ሌላ ጊዜ ቢሆን መኪና ሳምንት ቢቆም «አላህ ያመጣው ነው» ተብሎ ይታለፋል። አሁን ግን አይታለፍም። ለብሔራዊ ውትድርና የተመለመሉት ወጣቶች ሰኞ ጎሕ ሲቀድ ከኳስ ሜዳው ይነሣሉ፤ የነጋዴ መኪና ሁሉ ለጉዞው ታዟል። መኪናውን ያላቀረበ ሰው ምክንያቱ አይጠየቅም፤ ስሙ አንድ ነው፤ አሻጥረኛ። ባለፈው ዓመት ይህ ስም የወጣለት አንድ የጨው ነጋዴ የት እንደ ገባ ሚስቱ ዛሬም ስንቅ ይዛ በየእስር ቤቱ በር ትጠይቃለች። ኑርሑሴን ከፈጅር ሶላት በኋላ ቁርስ እንኳ ሳይቀምሱ ቀበሌ ሄደዋል፤ «አንድ ቀን ብቻ ጨምሩልኝ» ሊሉ። የከተማው መካኒክ በሙሉ የሌሎቹን መኪኖች ሞተር ሊያይ ተወስዷል።

ከአንዱ በቀር። እሱም ከአጥሩ ማዶ የቆመው ዓብደላ ነው። እሱ ብቻ ዛሬ እንዴት ሥራ ፈትቶ ተገኘ ብላ ጀሊላ አልጠየቀችም። ሸዋዬ በአጥሩ ላይ አንገቷን አውጥታ «አገኘሁልሽ!» ስትል ልቧ ሌላውን ጥያቄ ሁሉ አባረረው።

ዓብደላ የቁንዝላ ልጅ ነው። አባቱ ሸማኔ ነበሩ፤ ቀድመው ሞቱ። ከስድስተኛ ክፍል ወጥቶ ባሕር ዳር ገባና ከአንድ ፋብሪካ ጋራዥ እጁን በናፍጣ አሸ። ጀሊላ ያየችው ከሐይቁ ዳር ነው። አስማማው ኤንትሬዋን ሊያጥብ ወደ ጣና ሲወርድ ምሳውን ይዛለት ትሄድ ነበር፤ አስማማውም በምሳው ፋንታ፣ አባቷ ሳያውቁ፣ በባዶው ዳርቻ መሪ አስይዞ ወደፊት ወደኋላ ያስነዳታል። አንድ ቀን እንዲህ ስትነዳ አንድ ረጅም ልጅ ከውኃው ዳር ቆሞ ያያታል። ዐይን ለዐይን ሲገናኙ ልጁ እንደ ሰረቀ ሰው ፊቱን ወደ ሐይቁ መለሰ፤ ጫማውን እንዳጠለቀ ውኃ ውስጥ ገባ። ታንኳ የሚቀዝፉት ሰዎች በሣቅ ፈነዱ። ጀሊላ ግን አልሣቀችም። ከዚያ ቀን በኋላ ምሳ የማድረሱ ሥራ የማንም አልሆነም፤ የእሷ ብቻ ሆነ።

ከመንፈቅ በኋላ ዓብደላ ሽማግሌ ላከ። ኑርሑሴን መለሷቸው። ከዚያ በኋላ ማንም አልመጣም። አንድ ሳምንት፣ አንድ ወር፣ ማንም። ጀሊላ በር በተንኳኳ ቁጥር ትነሣለች፤ የሚመጣው የበርበሬ ደንበኛ ነው። ዓብደላም ከሐይቁ ዳር ጠፋ። በመጨረሻ አንድ ቀን የኤንትሬዋን ዕቃ ለአስማማው ሊያቀብል በሩ ላይ ብቅ ቢል፣ ኑርሑሴን ከሰገነቱ ላይ ሆነው አዩት። ደማቸው ፈላ።

«ወላሂ!» አሉ፤ «ይህ ሰው ከዛሬ ጀምሮ ይህን ግቢ ቢረግጥ ዘይነት በሦስት የተፈታች ትሁን!»

ዘይነት ያን ጊዜ ሳሕን ታጥብ ነበር። ሳሕኑ ከእጇ ወድቆ ተሰበረ። እንዲህ ባለ መሐላ የሚቀልድ ሙስሊም የለም። ዓብደላ አንድ እግሩን ከበሩ ወዲህ ቢያሳርፍ፣ ዘይነት ከልጅነቷ ጀምሮ የኖረችበት ትዳር በዚያች ቅጽበት ያበቃል። ቃሉን ያወጡት ኑርሑሴንም ራሳቸው እንደ ደነገጡ ያስታውቅ ነበር፤ ግን ቃል ከወጣ ወጣ።

ስለዚህ ነው ዓብደላ በሸዋዬ ጓሮ የቆመ።

«እትዬ ዘይነት» አለ ከአጥሩ ማዶ፤ ድምፁ ገና ከአሁኑ ይንተባተባል፣ «እግሬ እዚህ ነው። ለእርስዎ ስል አልነቀንቀውም።»

«እጅህንም!» አለች ዘይነት ሻሿን እያጠበቀች። «እጅህንም በአጥሩ ላይ እንዳታሳልፍ። እጅ ይቆጠር አይቆጠር ሼሁን አልጠየቅሁም።»

«ድምፁስ?» አለች ሸዋዬ። «ድምፁ ገባ እኮ፣ ዘይነት! ከነሙሉ ክብሩ ግቢሽ ውስጥ ነው ያለው።»

«አንቺ ደግሞ! ድምፅ አይቆጠርም፤ ዝም በይ።»

«ኧረ እኔስ ዝም አልኩ። ከሸዋ እዚህ ድረስ ስመጣ ብዙ አየሁ፤ በአጥር ቀዳዳ መኪና ሲታከም ግን ዛሬ ገና አየሁ።»

ቆርቆሮው ላይ ሚስማር የበሳው አሮጌ ቀዳዳ ነበር። ጀሊላ ጠጋ ብላ አየች። ከማዶ አንድ ዐይን ብቻ ታየ፤ የሚያውቃት ዐይን። ስንት ወር የታፈነ ነገር በአንዲት የሚስማር ቀዳዳ ሊያልፍ ተጋፋ፤ አላልፍ አለ።

«መጀመሪያ ድንጋይ» አለ ዓብደላ። «ከኋላ ጎማ ሥር ትልልቅ ድንጋይ አስገቢ፤ ግቢው ያዘቀዝቃል። በሁለቱም በኩል። የእጅ ፍሬኑንም ሳቢ። መኪና ሥር የምትገቢው የማትንቀሳቀስ መሆኗን በዐይንሽ ካየሽ በኋላ ብቻ ነው።»

ጀሊላ ድንጋዩን እያንከባለለች አመጣች፤ ሥሩ ሸጎጠች፤ በእግሯ ረግጣ ሞከረች።

«ቀጥሎ እሳት። በግቢው ውስጥ እሳት አለ?»

«ምድጃዬ ላይ ሽሮ ጥጄያለሁ» አለች ዘይነት።

«ከቤቱ ጀርባ ይውሰዱት፣ እትዬ። ናፍጣ እንደ ቤንዚን ቶሎ አይያያዝም፤ ከፍም አጠገብ ግን አይታመንም። አንድ ባልዲ አሸዋም አጠገቧ ይቀመጥ።»

ዘይነት ምድጃውን በጨርቅ ይዛ እየተጣደፈች ሄደች። ዓብደላ ቀጠለ፤ ወደ ሥራው ሲገባ መንተባተቡ ቀስ በቀስ ለቀቀው።

«አሁን የባትሪውን ገመድ ትፈቻለሽ። ከዚያ በፊት ግን... በእጅሽ ላይ ያለውን ብረት ሁሉ አውልቂ። አምባርም... ቀለበትም። ባትሪ ላይ ቀለበት ከነካ ጣት ያቃጥላል።»

«አምባሬን አውልቄያለሁ።»

«ቀለበቱንስ?»

«ቀለበት የለኝም።»

«የለሽም?» አለ ዓብደላ። ድምፁ የሌላ ሰው ድምፅ ይመስል ነበር።

«ከየት ይመጣል? ማን ሰጠኝ?»

ሸዋዬ «ምነው ልጄ፣ ፊትህ አመድ መሰለ፤ ተቀመጥ» ስትለው ጀሊላ ሰማች። ለምን እንደዚያ እንደ ሆነ አልገባትም። አንድ የተሰወረ ነገር በአጠገቧ ያለፈ መሰላት፤ ጥላው ብቻ ታየ።

*

ፊልትሮው ከሞተሩ ጎን የተንጠለጠለ የብረት ጣሳ ውስጥ ነው። ጣሳው በአንድ ረጅም ቡሎን ከላይ ታስሯል።

«መጀመሪያ ውጪውን በጨርቅ ጥረጊው» አለ ዓብደላ፤ አሁን ቃሉን እየቆጠበ ይናገራል። «ሳይጠረግ ከተፈታ አቧራው ወደ ውስጥ ይገባል፤ ለማጽዳት ገብተሽ አቆሽሸሽ ትወጫለሽ። ከሥሩ ሳፋ አድርጊ። ቡሎኑን ስታላሊ ፊትሽን ዘወር አድርጊ፤ ናፍጣ ዐይን ያቃጥላል።»

ጀሊላ ቁልፉን አስገባች። ቡሎኑ እምቢ አለ። ሁለት እጇን ጫነችበት፤ ድንገት ለቀቀና ናፍጣው በክንዷ ላይ እየወረደ ወደ ሳፋው ተንፎለፎለ። ጣሳውን በሁለት እጇ ተቀበለችው። ውስጡ ያለው አሮጌ ፊልትሮ እንደ ከሰል ጠቁሯል፤ ከሥር ዝገት ተዘፍዝፏል፤ ከዝገቱ በላይ ውኃው እንደ ዶቃ ተንከባሎ ተቀምጧል።

«አየሽው?»

«አየሁት። ይህን እየጠጣች ነው እስከ ዛሬ የመጣች?»

«ይህን እየጠጣች ነው» አለ ዓብደላ። «ሰውም እንዲሁ ነው፤ እስኪቆም ድረስ ማንም አያውቅለትም።»

ሸዋዬ «ኡኡቴ» አለች በቀስታ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ግን ቀልድ አልጨመረችበትም።

ንጹሕ ናፍጣ ዓብደላ በጀሪካን ይዞ መጥቶ ነበር። ዘይነት በአጥሩ ላይ አይሻገርም ስላለች ሸዋዬ ተሸክማ ዞራ በበሩ አስገባችው። ጀሊላ ጣሳውን በዚያ አጠበች፤ ክር በማይለቅ ጨርቅ አደረቀች። አሮጌውን የጎማ ቀለበት አውጥታ አዲሱን በናፍጣ አርሳ በቦታው አስቀመጠች። አዲሱን ፊልትሮ አስገባች፤ ጣሳውን ንጹሕ ናፍጣ ሞላች፤ መልሳ ሰቀለች።

«በእጅሽ እስኪበቃው አጥብቂ፤ ከዚያ በቁልፉ ትንሽ ብቻ ጨምሪ። ከመጠን በላይ ካጠበቅሽው ጎማው ይቆረጣል። ኀይል ያለው ሁሉ አጥባቂ አይደለም።»

ጀሊላ ፈገግ አለች። ጣሳውን ዳሰሰችው፤ አያፈስም። የሰው እጅ በእጇ ላይ ሆኖ የሠራ ይመስል ነበር፤ ይህንንም ለራሷ እንኳ ለመናገር አፈረች።

*

የቀረው አየሩን ማስወጣት ነው። ከፊልትሮው አናት ላይ ያለችውን ትንሽ ቡሎን ማላላት፣ ከዚያ ከሥር ያለችውን የእጅ ፖምፓ ደጋግሞ መጫን፤ በቡሎኑ ጎን የሚወጣው አረፋ አልቆ ጥሩ ናፍጣ ብቻ ሲፈስ ቡሎኑን ማጥበቅ። ይህ ብቻ።

ጀሊላ ትጭናለች፤ አረፋው ፍሽሽ ይላል። ዘይነት ከቤቱ ጀርባ ሽሮዋን ለማየት ሄደች። ሸዋዬም፣ ይህን የመሰለ ብልኀት የምታውቅ ሴት ናትና፣ ድንገት ጎመን መቅጠፍ አማራት፤ ከጓሮው ጥግ ራቀች።

«ዓብደላ።»

«አቤት።»

«ነገ አስማማው አይነሣም። ማን ነው የሚነዳት?»

«እኔ ነኝ። ዛሬ ጠዋት ነገሩኝ።»

ጀሊላ ፖምፓውን መጫኗን ሳታቆም ቀና አለች። ደስታው እንደ ውኃ ወደ ፊቷ ወጣ። እሱ! ኤንትሬዋን እሱ ሊነዳት! አባቷ የእሱን ውለታ ሊክዱ ነው? ሄዶ እስኪመለስ ሳምንት ቢሆን ነው፤ ሲመለስ ደግሞ...

«ይኸዋ!» አለች እየሣቀች። «በሳምንትህ መኪናዋን ይዘህ ትመለሳለህ። አባዬም...»

«መኪናዋን ሌላ ሰው ነው የሚመልሳት፣ ጀሊላ።»

«አንተስ?»

«እኔ ከሚጫኑት ምልምሎች አንዱ ነኝ።»

አረፋው ፍሽሽ ማለቱን ቀጠለ። ጀሊላ የሰማችውን ቃል ጆሮዋ ተቀበለው፤ ልቧ ግን መልሶ ገፈተረው።

«አንተ የጋራዥ ሠራተኛ ነህ... አንተን አይነኩም ነበር እኮ...»

«አልነኩኝም። ራሴ ሄጄ ተመዘገብሁ።»

«ራስህ?»

«አባትሽ ለሽማግሌዎቹ ምን እንዳሏቸው አታውቂም? ‹ልጄ የተሰጠች ናት፤ ለወረታ ሰው ቃል አለብኝ› አሏቸው። የወረታ ነጋዴ! እኔ የሸማኔ ልጅ ከወረታ ነጋዴ ጋር ምን እሟገታለሁ? ሽማግሌዎቹ ‹እንመለስ?› ቢሉኝ ‹ይቅር› አልሁ። ከሐይቁ ዳር የቀረሁትም ለዚያ ነው። በሰው እጮኛ ላይ ዐይኔን ላሳርፍ? ከዚያ በኋላ በከተማው ውስጥ መኪና ባለፈ ቁጥር ሰርግሽ እየመሰለኝ... ሄጄ ፈረምሁ። እስከ ዛሬ ጠዋት፣ ‹ቀለበት የለኝም› እስካልሽኝ ድረስ...»

ጀሊላ በእጇ ያለውን ቁልፍ ትኩር ብላ አየችው፤ ከዚያ ያችን ትንሽ ቡሎን። ከቡሎኑ ጎን አረፋው አልቆ ጥሩ ናፍጣ መፍሰስ ጀምሮ ነበር። አሁን ማጥበቅ ነው።

አላጠበቀችም።

«አጥብቂው» አለ ዓብደላ፤ ድምፁን ሰምቶ ነው እንጂ አላየም። «ጥሩ ናፍጣ መጣ፤ አጥብቂው።»

«አላጠብቀውም።»

«ጀሊላ!»

«አላጠብቀውም! ይፍሰስ! በገዛ እጄ ሠርቼ በገዛ እጄ ላስረክብህ? ይህን ሁሉ ጠዋት እያስተማርኸኝ የነበረው ይህን ነው? ለምን መጣህ? ለምን ‹አላውቅም› አላልሃትም ሸዋዬን?»

ናፍጣው በጣቶቿ መካከል እየፈሰሰ ወደ ሳፋው ይንጠባጠባል። ያችን ቡሎን ካላጠበቀች ኤንትሬዋ ነገ አትነሣም። ኤንትሬዋ ካልተነሣች ደግሞ አባቷ... አባቷን ስታስብ የነበራት ቁጣ ሁሉ ድንጋጤ ሆነ። እጇ በሁለት ሰው መካከል ተንጠልጥሎ ቀረ፤ የትኛውንም መያዝ አቃተው።

*

የበሩ መቀርቀሪያ ተንኳኳ። ኑርሑሴን ገቡ። ፊታቸው ከስሏል፤ አንድ ቀን አልተጨመረላቸውም። መጀመሪያ ያዩት ልጃቸውን ነው፤ እስከ ክርኗ በናፍጣ ተነክራ፣ በመኪናው ጎን ተንበርክካ።

«ምንድን ነው ይህ? ጀሊላ! ማን ነው ይህን ያሳየሽ?»

ዘይነት ከቤቱ ጀርባ ብቅ ብላ በቆመችበት ደረቀች።

«እኔ ነኝ፣ ጋሽ ኑርሑሴን» አለ ከአጥሩ ማዶ። «ግቢዎን አልረገጥሁም።»

ኑርሑሴን ወደ ቆርቆሮው ዞሩ። ለቁጣ ትንፋሻቸውን ሳቡ፤ ቁጣው ግን እንደ ወትሮው አልፈላም። ከቀበሌው አዳራሽ ሲመጡ የሚዘምቱትን ልጆች እናቶች በመንገድ ዳር ተቀምጠው አይተው ነበርና ልባቸው ቀድሞ ተሰብሯል።

«አንተ!» አሉ። «አንተ ነህ የልጄን ዋጋ ጠይቀህ እንደ ገበያተኛ የሄድህ! አንድ ጊዜ ሽማግሌ ልከህ ቀረህ። ስንት ጁምዓ በር በሩን አየሁ! ሰው ልጄን ባንድ ቃል ይተዋታል?»

«እምቢ አሉኝ እኮ። ለወረታ ሰው ቃል አለብኝ አሉ።»

«ታዲያስ!» አሉ ኑርሑሴን በሙሉ ድምፃቸው። «ታዲያስ ምን ልበል? በመጀመሪያው ሽማግሌ ‹እንካ ውሰዳት› የሚል አባት የት አለ? የተሰጠች ናት ይባላል፤ ገና ልጅ ናት ይባላል፤ ወጉ ነው! የወረታ ሰው የሚባል የለም! እኔስ የዘይነትን አባት ሦስት ጊዜ አይደለም ወይ ደጅ የጠናሁ? በመጀመሪያው ‹ለመካ ሼህ ሰጥቻታለሁ› ብለውኛል!»

ከማዶ አንድ ነገር ቆርቆሮውን ገጨ፤ ዓብደላ ግንባሩን ያሳረፈበት ነው።

«አባት አልነበረኝም» አለ ቀስ ብሎ። «የሚነግረኝ አልነበረም።»

«ራሱ ተመዝግቧል፣ አባዬ» አለች ጀሊላ ከተንበረከከችበት ሳትነሣ። «የለም ባሉት የወረታ ሰው ምክንያት ራሱ ፈርሟል። ነገ በእርስዎ መኪና ነው የሚሄድ።»

ኑርሑሴን ወደ ኤንትሬዋ ጎማ ተጠግተው በእጃቸው ተደገፉ። ሰው ከነሕይወቱ እንዲህ ሊነጣ እንደሚችል ጀሊላ ያን ቀን አየች።

«ወግ» አሉ በመጨረሻ ለራሳቸው። «ወግ ይዤ...» ከዚያ ድንገት ቀና አሉና ወደ አጥሩ ጮኹ። «ላክ!»

«አቤት?»

«ሽማግሌ ላክ! አሁን! ሁለተኛውን!»

«እዚህ... እዚህ ከእትዬ ሸዋዬ በቀር ሰው የለም።»

ከጎመኑ መካከል የተሰወረችው ሸዋዬ ነጠላዋን ስትሰበስብ ተሰማ። «ሴት ሽማግሌ አይሆንም ያለ ማነው?» አለች። ዞራ መጣች፤ በሩን አንኳኳች፤ የጎመን ቅጠል በእጇ እንዳለ ከኑርሑሴን ፊት ቆመች። እስከ ዛሬ ቀልዳ ያልጨረሰች ሴት አሁን አንገቷን ሰበር አድርጋ ተናገረች።

«ልጅዎን ለልጃችን ብለን መጥተናል፣ ጋሽ ኑርሑሴን።»

ኑርሑሴን አንገታቸውን ደፉ። ቃሉ ለዘመናት ከአባት ወደ ልጅ ሲወርድ የመጣ ነውና በራሱ ከአፋቸው ወጣ። «ልጄ... ልጄ ገና ናት። እስቲ እናስብበት።»

ዘይነት «ያ አላህ!» ብላ ደረቷን መታች። ሸዋዬ ግን ገብቷታል። አንዲት ቃል ሳትመልስ ዞረች፤ ወጣች፤ በሩን ዘጋች። ከውጪ ሆና እንደ ገና አንኳኳች።

«ሦስተኛ መጥተናል!» አለች ስትገባ፤ እንባዋ በጉንጯ እየወረደ። «በዚህስ እምቢ ካሉን ከደጅዎ አንነሣም።»

«ሰጥቻለሁ» አሉ ኑርሑሴን። «ሲመለስ ኒካሑን ራሴ አስራለሁ። አላህ ይመስክር፤ ጎረቤት ይመስክር።» ከዚያ ወደ ጀሊላ ዞሩ፤ ድምፃቸው ወረደ። «አሁን ያቺ ቡሎን ያንቺ ናት፣ ልጄ። ብትተያትም አልቆጣሽም። አሻጥረኛ ቢሉኝ ይበሉኝ፤ እኔ ዕድሜዬን በልቻለሁ።»

ጀሊላ ወደ ሚስማሩ ቀዳዳ ዐይኗን አነሣች። ያ ዐይን ከማዶ ነበር፤ ርሶ።

«እኔ ፈርሜያለሁ» አለ ዓብደላ። «ይቺ ባትነሣ በሌላ መኪና ያስኬዱኛል፤ አባትሽም ይታሠራሉ። እኔም ለምን እንደ መጣሁ ጠይቀሽኝ ነበር። መንገዱ በአባይ በርሃ ነው። በዚያ ቁልቁለት ናፍጣ ታፍኖ ሞተር ከጠፋ ፍሬኑም አብሮ ይደክማል፤ ከላይ ደግሞ የሰው ልጆች ተጭነዋል። ማን እንደ ሠራት የማላውቃትን ከምነዳ፣ ያንቺ እጅ የሠራትን ልንዳ። አጥብቂያት፣ ጀሊላ።»

ጀሊላ ቁልፉን አነሣች። ፖምፓውን አንዴ፣ ሁለቴ ተጫነች፤ አረፋ የለም። ቡሎኗን አጠበቀች፤ ከመጠን ሳታልፍ። የፈሰሰውን በጨርቅ ጠረገች፤ የባትሪውን ገመድ መለሰች፤ የአባቷን ዐይን ሳታይ ወደ ካቢናው ወጣች። «ቢስሚላህ» ብላ የማስነሻውን ቁልፍ አዞረች።

ኤንትሬዋ አንዴ ሳለች፤ ሁለተኛ ሳለች፤ ከዚያ ግቢውን በሙሉ እያንቀጠቀጠች ተነሣች። ዘይነት እልል ልትል አፏን ከፍታ ለደስታ ይሁን ለሞት ግራ ገብቷት አፏን በሻሿ ከደነች። ኑርሑሴን ልጃቸው መሪው ላይ ስትቀመጥ እንደ ለመደች ሰው መቀመጧን አዩ፤ ከየት ለመደች ብለው ለመጠየቅ ግን አቅም አልነበራቸውም። ጀሊላ ራሷን መሪው ላይ ደፍታ፣ ማንም በማይሰማው በሞተሩ ጩኸት ውስጥ፣ የልቧን ያህል አለቀሰች።

ሰኞ ጎሕ ሲቀድ፣ ዓብደላ ግቢውን መርገጥ ስለማይችል፣ ድንጋዮቹን አባቷ አነሡላትና ጀሊላ ኤንትሬዋን ራሷ ነድታ ከበሩ አወጣቻት። እሱ መንገዱ ላይ ጠብቆ መሪውን ተቀበላት። በሳምንቱ ሌላ ሹፌር መኪናዋን መልሶ አመጣት። ጀሊላ ድንጋይ ከጎማው ሥር አስገብታ፣ የባትሪውን ገመድ ፈትታ፣ የፊልትሮውን ጣሳ አወረደችና አየችው። ናፍጣው ንጹሕ ነበር፤ በአባይ በርሃ አልታፈነባቸውም።